የኬላው ማህተም

የባልየው ወረቀት ሙሉ ነው። ፓስፖርቱና የመግቢያ ፈቃዱ ይመሳከራሉ፤ አረንጓዴው ማህተም ይመታለታል። ከማለፉ በፊት ግን ቀጥላ የምትመጣው ሚስቱ መሆኗን ተናግሮ እንዲራሩላት ይማጸናል። ሚስትየው ስትቀርብ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። ወደ መጣችበት አገር ወደ አንቴግሪያ ከተመለሰች እንደምትገደል ትናገራለች።

ማህተሞቹ ሁለት ናቸው፤ አረንጓዴና ቀይ። የሚመታው ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ይህ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013 በወጣው «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ነው። የሠራው ሉካስ ፖፕ ጃፓን የሚኖር አሜሪካዊ ነው። ቀደም ሲል በታዋቂው ኖቲ ዶግ ኩባንያ «አንቻርትድ» በተባሉት ጌሞች ላይ ሠርቷል። ያንን ትቶ ኮዱንም፣ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም ለብቻው እየሠራ ይህን ጌም አወጣ። ሐሳቡን ያገኘው ከአገር አገር ሲመላለስ ፓስፖርት የሚመለከቱትን የኢሚግሬሽን ሠራተኞች በማስተዋል ነው።

ቦታው አርስቶትስካ የምትባል ምናባዊ አምባገነን አገር፣ ጊዜው ከኖቬምበር 1982 ጀምሮ ነው። ከጎረቤቷ ከኮሌቺያ ጋር ስድስት ዓመት ከተዋጋች በኋላ የግሬስቲን ኬላ ይከፈታል። ስሙ የማይነገረን ዋና ባለታሪክ የኬላውን ሥራ ያገኘው መንግሥት በሚያወጣው የሥራ ዕጣ ነው። ከዚያ በኋላ 31 ቀን ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ያገላብጣል።

ብዙ ጌሞች ታሪካቸውን የሚነግሩት ጨዋታውን አቁመው ፊልም መሰል ትዕይንት በማሳየት ነው። ፖፕ ግን ታሪኩን ሥራው ውስጥ አስቀመጠው። በትክክል ለተስተናገደ እያንዳንዱ መንገደኛ 5 ክሬዲት ይከፈላል። በቀን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስህተቶች በማስጠንቀቂያ ይታለፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ቅጣት ይመጣል። ማታ ሒሳቡ ይሠራል፦ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያ፣ መድኃኒት። ቤት ውስጥ ሚስት፣ ልጅ፣ አማትና አጎት አሉ፤ ብርዱና ረሃቡ ከበረታም ይሞታሉ። ደንቡ ደግሞ በየጊዜው ይጨምራል። ዛሬ የበቃ ወረቀት ነገ አይበቃም፤ ከአንድ የሽብር ጥቃት በኋላም የኮሌቺያ ሰዎች ሁሉ እንዲፈተሹ ትእዛዝ ይወርዳል።

የጌሙ ኃይል እዚህ ላይ ይገለጣል። ተጫዋቹ ክፉ ለመሆን አስቦ አይቀመጥም፤ ሰዓቱ ይሮጣል፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ ልጁ ታሟል። ስለዚህ ከሰው ፊት ይልቅ የፓስፖርቱን ቁጥር ማየት ይጀምራል። አንድ የጥበቃ ባልደረባ መንገደኞችን ወደ እስር ለሚልክለት ገንዘብ እንደሚያካፍል ሲነግረው ደግሞ፣ መመለስ ይበቃቸው የነበሩ ሰዎች መድኃኒት መግዣ ይሆናሉ። ጭቆና በተራ ሰዎች እጅ እንዴት እንደሚሠራ እንደዚህ በቀጥታ የሚያሳይ ጌም ማግኘት ከባድ ነው።

ጨለማ ብቻ ነው ማለት ግን አይደለም። ጆርጂ ኮስታቫ የተባሉት አዛውንት መጀመሪያ ያለ ፓስፖርት ይመጣሉ፤ በኋላም በእጃቸው የሠሩትን «የኮብራስታን» ፓስፖርት ይዘው ይቀርባሉ። ኮብራስታን የምትባል አገር የለችም። ሲመለሱ አይቀየሙም፤ ፈገግ ብለው ይሄዳሉ፣ ደግሞ ይመጣሉ። ብዙ ተጫዋቾች ከሁሉ አስበልጠው የሚወዷቸው እኚህን ሰው ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ሠራተኛ እንደ ወዳጅ የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

ታሪኩ 20 መጨረሻዎች አሉት። ለመንግሥቱ እስከ መጨረሻው መታመን፣ ኤዚክ ከተባለው ስውር ድርጅት ጋር መተባበር፣ ወይም ቤተሰብን ይዞ መሸሽ ይቻላል። የሚሸሽ ግን ከመንገደኞች ፓስፖርት መንጠቅ ይኖርበታል፤ የራሱን ቤተሰብ የሚያድነው ሌላውን መንገድ ላይ አስቀርቶ ነው።

ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2014 የብሪታንያውን የባፍታ ሽልማት በስትራቴጂና ሲሙሌሽን ዘርፍ አገኘ። በ2018 ሁለት ሩሲያውያን የፊልም ባለሙያዎች የሠሩበት አጭር ፊልም ወጣ። ከ2022 ጀምሮ በስልክም ይጫወቱታል። ለጀማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያ ቀን ትእዛዝ ቀላል ነው፦ የአርስቶትስካ ዜጎች ይግቡ፣ የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ ይመለሱ።