ሐይቅ የሚባለው የትኛው ነው?

ከደሴ ተነሥቶ የወልድያን መንገድ የያዘ ተጓዥ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በስተቀኙ ብልጭ እያለ የሚጠፋ ውሃ ሲያይ፣ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ሐይቅ ነው» ይሉታል፤ «ሐይቅ መሆኑንማ አየሁት፤ እኔ የጠየቅሁት ስሙን ነው» ይላል፤ «ስሙም ሐይቅ ነው» ሲሉት የቀለዱበት መስሎት ይቆጣል። ይህን ክርክር በአውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በአንደኛው ጊዜ የተቆጣሁት እኔው ራሴ ነበርሁ።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ዋና ዋናውን ላስቀድም። የሐይቅ ከተማ ዛሬ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከእርሷ በስተ ሰሜን ያለው የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ደግሞ ውጫሌ ነው። በንጉሡ ዘመን አምባሰል በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ነበረ። የካርታ ነገር ከተነሣ፣ ምድሩ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11ኛው ዲግሪ ገደማ ስለሚገኝ ከሐሩር ክልል ይቈጠራል፤ ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ በሐምሌ ጧት በውሃው ዳር ጋቢ ሳይደርብ የቆመ ሰው የሐሩርን ስም ቢሰማ ይስቃል። የውሃው ርዝመትና ስፋት እያንዳንዱ ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ በመካከሉ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም፤ ከእርሱ ከፍ ብሎ የተኛው ሐርዲቦ የሚባለው ታናሽ ወንድሙ ውሃው ሲተርፈው ወደ እርሱ ያፈስ ነበር።

ስለ አምባሰል ብዙ አልናገርም፤ የታወቀውን ማስታወቅ ድካም ነውና። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣው ሕዝብ፣ ተራራው ራሱ በመስቀል አምሳል የተቀረጸ መሆኑን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ እንደ ገባበት፣ ቀድሞም የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረ አምባ እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ አሳምሮ ይተርካል። የአምባሰል ገዥ ጃንጥራር ይባል እንደ ነበር፣ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋውም ከዚሁ ወገን እንደ ነበሩ የቤተ መንግሥትን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ በዚህ ተራራ ስም መጠራቱንም ክራር የነካ ሁሉ ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ ሳልወቅስ አላልፍም፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል፣ በተለይም 17ኛውን አንቀጽ፣ በቃሉ የሚያነበንብ ተማሪ ውጫሌን የውል ስም ብቻ አድርጎ ይይዘዋል፤ በከተማው መካከል በመኪና ሲያልፍ እንኳ ቀና ብሎ አያይም።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ሐይቅ ማለት በዳርቻ የተከበበ ውሃ ነው፤ ይህም ቦታ ውሃ ስላለበት በውሃው ስም ተጠራ ብሎ ያምናል፤ ከዚህም እምነት የተነሣ «የሐይቅ ሐይቅ» የሚል፣ ጆሮን የሚያደናቁር ስም በትምህርት ቤት ካርታና በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ እናያለን። ግእዝ የተማረ ሰው ግን ሐይቅ በመጀመሪያ ትርጉሙ ውሃው ሳይሆን የውሃው ዳር፣ ማዕበሉ የሚያልቅበት፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ስቦ የሚያወጣበት ጠረፍ መሆኑን ያውቃል። ውሃው ራሱ በግእዝም በቀድሞው አማርኛም ባሕር ነው፤ ታላቅና ታናሽ፣ ጨውና ጣፋጭ ሳይለይ ባሕር ይባላል፤ ወንጌላውያን የገሊላን ውሃ፣ ሊሻገሩት የሚቻለውን ያን ጠባብ ውሃ፣ ባሕር ብለው መጥራታቸውን፣ የእኛም አባቶች ጣናን ባሕር ማለታቸውን ልብ ይሏል። እንግዲህ የጎጃሙን ባሕር ዳርና የወሎውን ሐይቅ ጎን ለጎን ያቆመ ሰው፣ አንዱ በአማርኛ ሌላው በግእዝ የተነገረ አንድ ስም፣ ሁለቱም የውሃ ጠረፍ ማለት መሆናቸውን ሲረዳ እኔ የተደሰትሁትን ያህል ይደሰት ይመስለኛል። ቃሉ ከጊዜ በኋላ ከዳሩ ወደ ውሃው ተሻግሮ የዛሬውን ትርጉም እንደ ያዘ አልክድም፤ ቃል እንደ ሰው ይሰደዳል። ነገር ግን ስደተኛውን ባለ ርስት፣ ባለ ርስቱን ስደተኛ ማድረግ አይገባም እላለሁ።

ይህን ሁሉ መጽሐፍ ገልጬ ከማወቄ በፊት ያስተማረኝ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነበር። በውሃው ዳር ቆሜ፣ እንደ አዋቂ ሰው ድምፄን ጎላ አድርጌ «ወንድሜ፣ የሐይቅ ጥልቀቱ ስንት ይሆናል?» ብዬ ብጠይቀው መቅዘፊያውን አስቀምጦ አየኝና «ሐይቅማ ከተማው ነው ጋሼ፤ እርሱ ጥልቀት የለውም። የባሕሩን ከሆነ ይጠይቁኝ» አለኝ። ከእኔ ጋር የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን እያፈርሁ ነው የሳቅሁት፤ ያ ፊደል ያልቈጠረ ሰው የመጻሕፍቱን ቋንቋ ጠብቆ እኔ አጥፍቼው ነበርና።

ስለ ዓሣው በመንገድ ላይ አንድ ቃል ልጨምር፦ ተጓዡ በከተማው ምግብ ቤት ተጠብሶ ቀርቦለት የሐይቅ ዓሣ እያለ የሚያመሰግነው ቆሮሶ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ውሃ መጥቶ የተጨመረ እንግዳ ነው። እንግዳም ቢሆን ተዋልዶ ወገን ሆኗልና፣ ገና ጣት የሚያህለውን ጫጩት በጠባብ ዐይን መረብ የሚያወጡትን፣ በልተውም አጥንቱንና የላስቲክ ከረጢቱን ወደ ውሃው የሚመልሱትን እንግዶች ሳልገሥጽ አላልፍም።

ዳሩን እንዲህ አጥብቄ የምይዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዚህ አገር ታሪክ ሁሉ የዳር ታሪክ ነውና። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ የምንኵስናን ሥርዐት ይዘው መጥተው የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ባቀኑ ጊዜ፣ ገዳሙ በደሴት ላይ ነበር፤ አባ ተክለ ሃይማኖት ከእርሳቸው ዘንድ ለዓመታት የተማሩት፣ በኋላ በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን ያቀኑት አባ ኂሩተ አምላክም የወጡት ከዚያ ደሴት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል፣ ዘመናቸው ከታወቀው የአገራችን ብራናዎች ጥንታውያን ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። አበምኔቱም ዐቃቤ ሰዓት የሚለውን ማዕርግ ይዞ በቤተ መንግሥት ታላቅ ሥልጣን ነበረው፤ በዚህም ምክንያት በደሴት የተቀመጠ መነኩሴ ቃሉ በዙፋኑ አጠገብ ይሰማ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙ በውሃ የተከበበ መሆኑን ጽፎአል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1531 የኢማም አሕመድ ወታደሮች በመጡ ጊዜም ያስቸገራቸው ይኸው በመካከል ያለው ውሃ ነበር።

የአገሩ ሰው ደግሞ የራሱን ትረካ ይጨምራል፦ አንዲት እርጉዝ ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ደረሰባት፤ እግዚአብሔርም ተቈጥቶ ልዕልቲቱን ከነወገኖቿ፣ ምድሩንም ጭምር ወደ ውሃ ለወጠው፤ ሴቲቱ የተቀመጠችባት ቦታ ብቻ ደሴት ሆና ቀረች፤ ገዳሙም የቆመው በዚያች ቦታ ላይ ነው ይላል። በሴት መከራ ደሴት የሆነው ያው ቦታ ዛሬ ለሴቶች የማይፈቀድ መሆኑን ባለ ትረካው ሲነግረኝ ፈገግ አለ፤ ተጨማሪ ማብራሪያ ግን አልሰጠኝም።

ዛሬ ደሴቱ የለም። ውሃው ዝቅ እያለ፣ ዳሩ እየተገፋ ሄዶ ምድሩ በአንድ ወገን ከየብሱ ጋር ተገናኝቷል፤ የካርታ ሰዎችም ልሳነ ምድር ይሉታል። ጀልባ ተከራይተው በውሃ የሚሄዱ ጎብኝዎች አሉ፤ ለደስታቸው ከሆነ አልነቅፋቸውም፤ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ደሴት ጎበኘን ብለው ሲያወሩ ግን ዝም ብዬ አልሰማም። እኔ የሄድሁት በእግሬ ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የሚያልፈውን መንገድ ይዤ፣ ጫማዬ በአቧራ እንደ ነጣ ከገዳሙ በር ስደርስ አንድ አረጋዊ አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠው አገኘሁ። እጅ ነሥቼ መስቀል ተሳለምሁ። ጫማዬን አዩ፤ የመጣሁበትን የደረቅ መንገድም አዩ፤ ከዚያም በዕርጋታ «ወደ ደሴታችን እንኳን በደኅና ተሻገርህ ልጄ» አሉኝ።