ከላሟ «ሙ» እስከ «ሄሎ»፦ የሕፃናት የመጀመሪያ እንግሊዝኛ

በኢትዮጵያ ከተሞች በሚገኙ ብዙ መዋዕለ ሕፃናት የእንግሊዝኛ ትምህርት የሚጀመረው በእንስሳት ሥዕልና በጠዋት ሰላምታ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥና በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ስለደነገገ፣ ወላጆች ልጃቸው ቋንቋውን በጊዜ እንዲጨብጥ መጓጓታቸው አያስገርምም። ጉጉቱ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ፊደል ቆጠራና ወደ ቃላት ሽምደዳ ይቸኩላል፤ የእንስሳቱ ድምፅና ሰላምታውም ከወላጆች ቀን ትርኢት ያለፈ ዋጋ ሳይሰጣቸው ይቀራል። ሁለቱ በአግባቡ ከተሠራባቸው ግን የሕፃኑን ጆሮና አፍ ለአዲሱ ቋንቋ ድምፆች፣ ሕፃኑን ራሱን ደግሞ በተራ ለመነጋገር ያዘጋጃሉ።

ላም በእንግሊዝኛ «ሙ»፣ ውሻ «ዉፍ»፣ ዳክዬ «ኳክ» ትላለች ሲባል ቃላቱ ድምፅ አስመሳይ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ይህም የአንድን ነገር ድምፅ በሰው አፍ ለመድገም የሚሞክር ቃል ማለት ነው። ስዊዘርላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር፣ ከሞተ በኋላ የሥራ ባልደረቦቹ ከተማሪዎች ማስታወሻ አሰባስበው በ1916 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፉ ላይ፣ እንዲህ ያሉት ቃላት እንኳ ግምታዊ መኮረጅ እንደሆኑና ግማሽ በግማሽ በማኅበረሰብ ስምምነት የጸኑ እንደሆኑ አስረድቷል። አውራ ዶሮ በየአገሩ የሚጮኸው በአንድ ዓይነት ድምፅ ሆኖ ሳለ፣ አማርኛ «ኩኩሉ»፣ ፈረንሳይኛ «ኮኮሪኮ»፣ ጀርመንኛ «ኪኬሪኪ»፣ እንግሊዝኛ ደግሞ «ኮካዱድልዱ» ማለታቸው ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ስለዚህ በድብብቆሽ ጨዋታ «ኩኩሉ» እየተባለ ሲጠየቅ «አልነጋም» እያለ ሲመልስ ያደገ ሕፃን፣ የዶሮውን ድምፅ ተሳስቶ እንደተማረ ተቆጥሮ ሊታረም አይገባውም፤ የሚነገረው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ያንኑ ዶሮ በሌላ መንገድ እንደሚሰሙት ብቻ ነው።

እነዚህ ቃላት ለሕፃናት የሚቀሉበት ምክንያት በጥናት ሲፈተሽ ቆይቷል። ሙትሱሚ ኢማይና ሶታሮ ኪታ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት መላ ምት መሠረት፣ ድምፁና ትርጉሙ የሚመሳሰሉበት ቃል ሕፃኑ «ከሰው አፍ የሚወጣ ድምፅ የአንድ ነገር መጠሪያ ነው» የሚለውን መሠረታዊ ግንዛቤ እንዲይዝ ያግዘዋል። ወላጆች ልጃቸው የሚያውቃቸውን ቃላት ምልክት እያደረጉ የሚሞሉትና በአሜሪካ የተዘጋጀው የማክአርተር ቤትስ መጠይቅም የእንስሳት ድምፆችን ራሱን በቻለ ክፍል መመዝገቡ፣ ቃላቱ በሕፃናት የመጀመሪያ ንግግር ውስጥ ያላቸውን ቦታ ያሳያል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ሕፃን ከሁሉም የሚጠቅመው ግን የአፍና የጆሮ ልምምዱ ነው። «ኳክ» የሚለው ድምፅ አያስቸግረውም፤ ከንፈርን አሞጥሙጦ የሚነገረው «ኳ» በራሱ ፊደል ገበታ ላይ አለለት። የሚከብደው አናባቢውን መሳብ ነው። አማርኛ ቃላትን የሚለየው ተነባቢውን በማጥበቅና በማላላት ሲሆን፣ በዚህም «አለ» ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል፤ እንግሊዝኛ በአንጻሩ ብዙ ቃላትን የሚለየው በአናባቢው ርዝመትና ቃና ነው። በግ የሚለውና መርከብ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» ሆነው የሚቀሩት፣ ብዙ ጎልማሶችም በንግግር ሳይለዩዋቸው የሚኖሩት በዚህ የተነሳ ነው። ላሟን ለመምሰል «ሙ»ን ትንፋሹ እስኪያልቅ የሚስብ ሕፃን፣ አናባቢ እንደሚረዝምና እንደሚያጥር ያለ ምንም ሰዋስው በአፉ ይለማመዳል።

የትኞቹ እንስሳት ይቅደሙ የሚለው ጥያቄም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከውጭ የሚመጡት የሥዕል መጻሕፍት አሳማና ዳክዬ ይበዛባቸዋል፤ የኢትዮጵያ ሕፃን ግን በአብዛኛው አሳማን የሚያውቀው በሥዕል ነው፤ የማያውቀውን እንስሳ ስምና ድምፅ በማያውቀው ቋንቋ መሸከም ደግሞ በአንድ ጊዜ ሦስት አዳዲስ ነገሮችን መሸከም ይሆንበታል። በላም፣ በበግ፣ በውሻ፣ በድመትና በዶሮ መጀመር ይህን ሸክም ያቃልላል፤ አሳማው ቆይቶ ቢመጣ የሚጎድል ነገር የለም። ጅብ በአንጻሩ ለኢትዮጵያ ልጆች የተረት ሁሉ ባለቤት ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ የሕፃናት መዝሙሮች ውስጥ እንደ ላም የታወቀ ድምፅ ስለሌለው፣ ልጆቹ ራሳቸው ድምፁን ቢያወጡለት ትምህርቱን አያበላሽም፤ እንዲያውም ያደምቀዋል።

ስለ አረጋዊው ገበሬ ማክዶናልድ የሚዘመረው የታወቀ መዝሙር ጥንታዊ ዘመዱ በ1706 እ.ኤ.አ. ቶማስ ደርፊ በጻፈው የእንግሊዝ የመድረክ ሥራ ውስጥ ይገኛል፤ እስከ ዛሬ መቆየቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በእያንዳንዱ ዙር አንድ እንስሳ እየተጨመረ ያለፉት ስለሚደገሙ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳይለወጥ አንዷ ቃል ብቻ ትለወጣለች፤ ሕፃኑም የቋንቋውን አደራደር ሳይነገረው ይለምደዋል።

ሰላምታ ከዚህ የተለየ ባሕርይ አለው። «ሀው አር ዩ» ለሕፃኑ ሦስት ቃላት አይደለም፤ ሳይከፋፈል በአንድነት የሚያዝ ሐረግ ነው። ሊሊ ዎንግ ፊልሞር በ1976 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ አምስት ስፓኒሽ ተናጋሪ ሕፃናት እንግሊዝኛ ሲለምዱ ተከታትላ፣ በመጀመሪያ ሙሉ ሐረጎችን እንዳሉ ይዘው ለመጫወቻና ለወዳጅነት እንደተጠቀሙባቸው፣ ቆይተውም ሐረጎቹን እየከፋፈሉ ሌላ ነገር መናገር እንደጀመሩ አሳይታለች። ልጆቹ ሐረጎቹን የያዙት የጨዋታ ጓደኛ ስለነበራቸው ነው። አርባ ሕፃን በአንድ ድምፅና በአንድ ዜማ «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ፣ ቲቸር» የሚልበት ልማድ ግን ሰላምታን ከመነጋገሪያነት ያወጣዋል፤ የደከመውም ያመመውም ሕፃን «ደህና ነኝ» ብሎ ይቀመጣል፤ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ከቋንቋው ልማድ የሚመጡ መሰናክሎችም አሉ። በአማርኛ ጠዋት ሰላም የሚል ሰው ለወንድ፣ ለሴት፣ ለብዙዎችና ለሚከበር ሰው ቃሉን መለዋወጥ ግድ ይለዋል፤ በእንግሊዝኛ ግን አያትም ታናሽ ወንድምም የሚቀበሉት ያንኑ «ጉድ ሞርኒንግ» ነው። ለትልቅ ሰው ዝቅ ብሎ እጅ መንሳትን የተማረ ልጅ አክብሮቱ የት እንደገባ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ መምህሯም የእንግሊዝኛው አክብሮት በድምፅ ቃና፣ በፈገግታና በማዕረግ ስም እንደሚገለጽ በተግባር ልታሳየው ትችላለች። «ጉድ ናይት» ደግሞ የመሰናበቻ ቃል እንጂ እንደ «እንዴት አመሹ» ማታ ለሚመጣ እንግዳ የሚቀርብ ሰላምታ አይደለም፤ ለዚያ «ጉድ ኢቭኒንግ» አለ።

ምስጋናም ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኤስተር ግራይፍና ጂን በርኮ ግሊሰን በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አሜሪካውያን ሕፃናት በገዛ ቋንቋቸው እንኳ ሰላምታን፣ ምስጋናንና ስንብትን ሳይነገራቸው የሚሉት አልፎ አልፎ እንደሆነ፣ ከሦስቱም ምስጋና ያለ ጉትጎታ ለመምጣት የመጨረሻው እንደሆነ ተመልክተዋል። በአማርኛ የሌለው፣ ምላስን በጥርስ መሀል አስገብቶ የሚነገረው የ«ታንክ ዩ» የመጀመሪያ ድምፅ ሲጨመርበት ሥራው እጥፍ ይሆናል፤ ሕፃኑ «ታ» ወይም «ሳ» ብሎ ቢያልፈው ማመስገኑን መቀበል እንጂ በየጊዜው ማስቆሙ አይጠቅምም።

የእንስሳቱን ድምፅና ሰላምታውን በአንድ ጨዋታ ማጣመር ከባድ አይደለም። ከካልሲ የተሠራች ላም «ሙ» ብላ ብቅ ስትል ሕፃኑ «ሄሎ፣ ካው» ይላታል፤ እሷም በስሙ ጠርታ ትመልስለታለች፤ ከዚያ ላሟን የሚይዘው ሌላ ልጅ ይሆናል። መናገር ያልፈለገ ሕፃን እጁን በማውለብለብ ወይም የተጠራውን እንስሳ በመምሰል ቢሳተፍ ይበቃል። ጄምስ አሸር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፋው፣ ተማሪው የሰማውን ትእዛዝ በአካሉ እንዲፈጽም የሚያደርገው ዘዴም መስማት ከመናገር ይቀድማል በሚል እምነት ላይ የቆመ ነው።

ስልክና ቴሌቪዥን የመምህሯን ቦታ ይተኩ እንደሆነ ወላጆች አዘውትረው ይጠይቃሉ። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ዘጠኝ ወር ገደማ የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት የማንዳሪን ቻይንኛ ድምፆችን መለየት የተማሩት ከፊታቸው ተቀምጦ ካጫወታቸው ሰው ሲሆን፣ ያንኑ በቪዲዮ የተመለከቱት አልተማሩም። ይሁንና በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ሁለት ዓመት ያለፋቸው ሕፃናት በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ከሚያነጋግራቸው ሰው አዳዲስ ግሦችን መማር እንደቻሉ፣ ከተቀረጸ ቪዲዮ ግን እንዳልቻሉ አሳይቷል፤ ልዩነቱን ያመጣው ሰውዬው ለሕፃኑ ድርጊትና ንግግር በጊዜው መመለሱ ነው። ይህ ግኝት ለውጭ አገር ነዋሪ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ይሠራል፤ በዋሽንግተን አካባቢ የተወለደ ሕፃን «ሙ» እና «ሃይ» ማለት ሳያስቸግረው፣ ለአያቱ «እንደምን አደሩ»፣ ለእህቱ «እንደምን አደርሽ» ማለትን መለየት ይከብደዋል፤ አዲስ አበባ ያሉት አያት ደውለው «ላም ምን ትላለች?» ሲሉትና «እምቧ» እስኪል ሲጠብቁት ግን ስልኩ ከተቀረጸ የልጆች ፊልም የተለየ መምህር ይሆናል።