ከሌላ ሙያ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ

በእርሻ ወይም በታሪክ የተመረቀ ልጃችን «ኮምፒውተር ሳይንስ ልማር» ሲል «ዘግይተሃል» አንበለው። የእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከ1953 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በሌላ ትምህርት የተመረቁትን በአንድ ዓመት ዲፕሎማ ወደዚህ ሙያ ሲያሸጋግር ኖሯል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሲያትልም ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ በ2013 እንዲህ ያለ የማስተርስ ትምህርት ከፍቷል። በመሸጋገሪያው ወቅት ፕሮግራም መጻፍ፣ መረጃን በኮምፒውተር ውስጥ ማደራጀትና የሎጂክ ሒሳብ ይማራሉ። ብዙዎች የሚፈሩት የመጀመሪያውን ነው፤ በእኔ አስተያየት የሚከብደው ግን ሒሳቡ ነው፤ ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፉን አውጥቶ ይከልስ። (እርሻ ያጠናው ስታትስቲክስ ስለሚያውቅ ጥቂት ይቀለዋል።)

ከዚህም የሚብሰው ደመወዝ የሌለበት ጊዜ ነው። ወላጆቹን የሚጦር ምሩቅ ትምህርቱን ለማቋረጥ የሚገደደው ያን ጊዜ ነው። ጉባኤያችሁ ሊረዳው ቢወድ፣ ኮምፒውተር ከመግዛቱ በፊት በእነዚያ ወራት የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ይጠይቀው።