ምስማር ያልነካው ኮርኒስ

ካሊፎርኒያ፣ ከሳንዲያጎ የባሕር ወሽመጥ ማዶ ወዳለው ሆቴል ዴል ኮሮናዶ የሚገባ እንግዳ "ክራውን ሩም" የሚባለው አዳራሽ ሲደርስ አንገቱን ቀና ማድረጉ አይቀርም። ኮርኒሱ 10 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደተገለበጠ ጀልባ ጎብጧል። ጣውላው የጥድ ዘር ነው። የተያያዘው በእንጨት ችንካርና በኮላ ብቻ ስለሆነ አንድም ምስማር አልገባበትም።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ በጥድፊያ የተሠራ መሆኑ ነው።

የባቡር ሐዲድ ሰው የነበረው ኤሊሻ ባብኮክና የፒያኖ ነጋዴው ሃምፕተን ስቶሪ ባዶውን መሬት እ.ኤ.አ. በ1885 በ110,000 ዶላር ገዙት። ሐሳባቸው መሬቱን ሸንሽኖ መሸጥ ነበር፤ ሆቴሉ ደግሞ ገዢ እንዲስብላቸው ነው። ግንባታው በመጋቢት 1887 ተጀመረ፤ ሆቴሉ በየካቲት 1888 እንግዳ ተቀበለ። 11 ወር ብቻ!

ንድፉን ያወጡት ሪድ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። በአካባቢው በቂ ጣውላም በቂ አናጺም አልነበረም። ጣውላው ከሰሜን ካሊፎርኒያ መጣ፤ መላጊያውና የጡብ ማቃጠያው እዚያው ግቢ ውስጥ ተተከለ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከሳንፍራንሲስኮ የመጡ ቻይናውያን ስደተኞች ነበሩ። የሠለጠነ አናጺ በመጥፋቱ ሥራው ቀለል ካለው ከሰሜኑ ክንፍ ተጀመረ። እጃቸው እየተፍታታ ሲሄድ ወደ ከባዱ ክፍል፣ ወደ ክቡ ማማና ወደ ትልልቆቹ አዳራሾች አለፉ።

ያን ሁሉ እንጨት ለሚያከማች ሰው ዋናው ስጋት እሳት ነው። ስለዚህ በባሕር ወሽመጡ ሥር የንጹሕ ውኃ ቧንቧ ተዘረጋ፤ ውኃው በራሱ ክብደት ወርዶ እሳት የሚያጠፋበት መስመርም ተገጠመ። መብራቱም ገና ከመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ነበር። ቶማስ ኤዲሰን ራሱ መጥቶ አበራው የሚባለው ወሬ ግን እውነት አይደለም፤ መስመሩን የዘረጋው ማዘር የተባለ የቺካጎ ኩባንያ ነው።

የመሬት ገበያው ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። ባብኮክ ከስኳር ነጋዴው ጆን ስፕሬክልስ ተበደረ፤ በመጨረሻም ሆቴሉ የአበዳሪው ሆነ።

የእሳቱ ስጋት ከንቱ አልነበረም፤ በዚያው ዘመን በካሊፎርኒያዋ ፓሳዴና የተሠራው ትልቁ ሬይመንድ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1895 ተቃጥሎ አለቀ። ዴል ኮሮናዶ ግን ተርፎ እ.ኤ.አ. በ1958 የማሪሊን ሞንሮ ፊልም "ሰም ላይክ ኢት ሆት" ሲቀረጽበት የፍሎሪዳ ሆቴል መስሎ ተውኗል፤ በ1977 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ቀዩ የማማ ጣሪያው ዛሬም ከባሕሩ ዳር ይታያል።