ጥቁር አጥንት

ጥቁር አጥንት ማለት ሚኖሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ለረጅም ጊዜ በወሰደ ሰው ላይ አጥንቱ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ቀለም ሲይዝ የሚሰጠው ስም ነው። ሕመም ስለሌለው ባለቤቱ አያውቀውም። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ለሌላ ጉዳይ፣ ለምሳሌ የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ ለመቀየር፣ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ነው። በሕክምና ጽሑፎች «የጥቁር አጥንት በሽታ» መባሉ ግን አሳሳች ነው፤ ቀለሙ የአጥንቱን ጥንካሬ እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም።

አመጣጡ

ሚኖሳይክሊን ከቴትራሳይክሊን ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ከካልሲየም ጋር ስለሚጣበቁ አዲስ አጥንት በሚገነባበት ቦታ አብረው ይቀመጣሉ። ተራው ቴትራሳይክሊን የሚተወው ቢጫ ቀለም ነው፤ በልጅነት ሲወሰድ ጥርስን የሚያበላሸውም በዚሁ መንገድ ነው። ሚኖሳይክሊን ግን ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ይጠቁራል። ቆዳን፣ ድድን፣ ጥርስንና የታይሮይድ እጢንም ሊያጠቁር ይችላል። የሚያጋጥመው በተለይ ለብጉር በቀን ከ100 እስከ 200 ሚሊግራም ለብዙ ወራት ወይም ለዓመታት ለወሰዱ ሰዎች ነው። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ የቆዳው ቀለም ሊደበዝዝ ይችላል፤ አጥንት ግን የሚታደሰው በዝግታ ስለሆነ የአጥንቱ ቀለም ለዓመታት ይቆያል።

የቴትራሳይክሊን አሻራ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው የታየው በሱዳን ኑቢያ ነው። ከ350 እስከ 550 ዓ.ም. ገደማ በኖሩ ሰዎች አጥንት ላይ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራ ቢጫ አረንጓዴ ምልክት መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ። ተመራማሪዎቹ ምንጩ ጠላን ከመሰለ የእህል መጠጥ እንደሆነ ያምናሉ፤ ቴትራሳይክሊንን በተፈጥሮ የሚሠራው ስትሬፕቶማይሲስ የተባለው ባክቴሪያ በእህሉ ላይ ይራባ ነበርና።

በቀዶ ሕክምና ጊዜ

ሐኪሙ ነጭ አጥንት ሲጠብቅ ጥቁር ቢያጋጥመው የሚያስባቸው ነገሮች ከባድ ናቸው፦ ደም አጥቶ የሞተ አጥንት፣ የመረቀዘ አጥንት፣ የተዛመተ የሜላኖማ ካንሰር፣ ቀድሞ ከተተከለ ብረት የረገፈ ብናኝ፣ ወይም አልካፕቶኑሪያ የተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም። የመጨረሻው በዋናነት የሚያጠቁረው አጥንቱን ሳይሆን በመገጣጠሚያ ላይ ያለውን ልስልስ ሽፋን ነው። የሞተ አጥንት ሲቆረጥ አይደማም፤ በመድኃኒት የጠቆረው ግን እንደ ጤነኛ አጥንት ይደማል፣ ይጠነክራልም። ጥርጣሬ ካለ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ይመረመራል። በሽተኛው ሚኖሳይክሊን መውሰዱ አስቀድሞ ከታወቀ ቀዶ ሕክምናው ሳይቋረጥ፣ ጤነኛ አጥንትም ያለ አግባብ ተቆርጦ ሳይወጣ ሊጠናቀቅ ይችላል።

በአዲስ አበባ

ችግሩ መድኃኒቱ በካርድ ላይ አለመመዝገቡ ነው። በአራዳና በፒያሳ፣ እንደ ሌሎቹ የከተማዋ ሰፈሮች ሁሉ፣ ብጉር ያስቸገረው ወጣት መጀመሪያ የሚያማክረው ብዙ ጊዜ መድኃኒት ቤቱን ነው። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥም በከተማዋ የተለመደ ችግር ነው። እንዲህ የተገዛ መድኃኒት በሆስፒታል መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ከዓመታት በኋላ ጉልበቱ ሲከፈት ስሙን ራሱ በሽተኛውም ሊረሳው ይችላል። ስለዚህ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ከዚህ በፊት ለብጉር ለወራት የወሰድኸው መድኃኒት አለ?» የሚለው የተሻለ መልስ ያስገኛል።

በኢትዮጵያ ከሚኖሳይክሊን ይበልጥ የሚታወቁት ዘመዶቹ ዶክሲሳይክሊንና ለትራኮማ የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ናቸው። ዶክሲሳይክሊን አጥንትን የሚያጠቁረው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ከዓይን ቅባቱ ወደ ደም የሚገባው መጠን ደግሞ በጣም ትንሽ ስለሆነ ቅባቱን በዚህ ፍርሃት መተው አያስፈልግም።