የከባድ ጭነት ተሽከርካሪዎች ባሌስትራ አቀያየርና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የጭነት መኪና ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል፡፡ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የባቡር መስመር በ2010 ዓ.ም መደበኛ የንግድ አገልግሎት መስጠት ቢጀምርም፣ አብዛኛው የአገሪቱ የገቢና የወጪ ጭነት አሁንም የሚጓጓዘው በተሽከርካሪ ነው፡፡ ማዳበሪያው፣ ስንዴውና የአርማታ ብረቱ ክብደቱን የሚያሳርፈው በሻንሲው ላይ ሲሆን፣ የሻንሲውን ሸክም ተቀብሎ ወደ አክስሉና ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው ደግሞ በተለምዶ ባሌስትራ በመባል የሚታወቀው ንብርብር ብረት ነው፡፡

ጉዳዩ ለሾፌርና ለመካኒክ ብቻ የሚተው አይደለም፡፡ የውኃ ቦቴ፣ ገልባጭ መኪና ወይም የመድኃኒት ማመላለሻ ተሽከርካሪ የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ የባሌስትራ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርባል፡፡ በየወረዳው የሚሠራበት የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ሞዴልና ሃይሉክስ ፒክአፕም የኋላ ክፍላቸው የሚያርፈው በባሌስትራ ላይ ነው፡፡ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ የተሰበረው አንድ ሉህ ብቻ ይቀየር ወይስ ሙሉው፣ ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ የሚል ነው፡፡ ለዚህ የሚሰጠው ውሳኔ ግን ከፍሬን አሠራር እስከ መንገድ ዕድሜ ድረስ ውጤት አለው፡፡

ባሌስትራ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ቅስት የብረት ሉሆች ተደራርበው፣ በመሐላቸው በሚያልፍ አንድ ብሎን ታስረው የሚሠራ ነው፡፡ ከሁሉም የሚረዝመው ዋናው ሉህ ጫፎቹ እንደ ቀለበት የተጠቀለሉ ሲሆን፣ በእነዚህ ቀለበቶች አማካይነት ከሻንሲው ጋር ይያያዛል፡፡ አንደኛው ጫፍ በቋሚ ፒን ይታሰራል፤ ሌላኛው ደግሞ ሻክል በሚባል ተወዛዋዥ ማያያዣ ላይ ይንጠለጠላል፡፡ ባሌስትራው በጭነት ሲዘረጋ ርዝመቱ ስለሚጨምር ይህ መወዛወዝ የግድ ያስፈልጋል፡፡ መሐሉ በሁለት ዩ ቦልቶች አማካይነት ከአክስሉ ጋር በጥብቅ ይያዛል፡፡ ባሌስትራ ነውጥን ከመቀነስ ባሻገር አክስሉን በትክክለኛ ቦታው የሚያቆመውም እሱ ነው፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ሁለተኛ ሥራውን ነው፡፡

ብረቱ ተራ ብረት አይደለም፡፡ ከ0.5 እስከ 0.65 በመቶ ገደማ ካርቦን የያዘና ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ ወይም ሲሊከን የተጨመረበት ነው፡፡ በፋብሪካ ከ800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ከጋለ በኋላ በዘይት ውስጥ ይነከራል፤ ቀጥሎም አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንደገና እንዲሞቅ ይደረጋል፡፡ የመጀመሪያው ሂደት ጥንካሬ ሲሰጠው ሁለተኛው ተሰባሪነቱን ያስወግዳል፡፡ በመጨረሻም ጥቃቅን የብረት እንክብሎች በከፍተኛ ፍጥነት እየተረጩበት ገጽታው እንዲጠቀጠቅ ይደረጋል፡፡ ይህም ስንጥቅ በቀላሉ እንዳይጀምር ይከላከላል፡፡

የባሌስትራ መድከም በሁለት መንገድ ይገለጻል፡፡ አንደኛው መርገብ ሲሆን፣ ብረቱ ሳይሰበር ቅስቱን ያጣል፡፡ ተሽከርካሪውን ባዶውን በተስተካከለ መሬት ላይ አቁሞ ከመሬት እስከ ሻንሲው ያለውን ከፍታ በግራና በቀኝ በሜትር መለካት ይህን ለማወቅ ይበቃል፡፡ ሁለተኛው ስብራት ነው፡፡ ከዚህ በተጨማሪ የጎማ አንድ ወገን ብቻ መበላት፣ መሪ ወደ አንድ ጎን መሳብ፣ በጉድጓድ ላይ የብረት ከብረት ግጭት መሰማትና በሉሆቹ መካከል የዛገ ቀይ ዱቄት መታየት ምልክቶች ናቸው፡፡ በተለይ ከአፍዴራ ጨው የሚጭኑ ተሽከርካሪዎች ላይ ዝገት የሚፈጥራቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች የስንጥቅ መነሻ ይሆናሉ፡፡

የተሰበረውን ሉህ ከመጣል በፊት የተሰበረበትን ቦታ ማየት ይጠቅማል፡፡ ስብራቱ በመሐል ብሎኑ ቀዳዳ ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የዩ ቦልቶች መላላት ነው፡፡ ቀዳዳው የሉሁ ደካማ ቦታ በመሆኑ፣ ዩ ቦልቶቹ ጨምድደው ካልያዙት በየነውጡ ይተጣጠፋል፡፡ ከዩ ቦልቶቹ ውጪ ባለው ክፍል የተሰበረ እንደሆነ ከመጠን በላይ መጫን ሊጠረጠር ይገባል፡፡ ጫፉ ላይ፣ በቀለበቱ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ያለቀ ቡሽንግ ወይም የደረቀ ሻክል መፈለግ ያሻል፡፡ የስብራቱ ገጽታም ይናገራል፡፡ ጠቆር ያለና የለሰለሰ ክፍል ካለው ስንጥቁ ለሳምንታት ወይም ለወራት ቀስ በቀስ ሲያድግ የቆየ ነው፤ የሚያብለጨልጨውና ሻካራው ክፍል በመጨረሻዋ ቅጽበት የተቆረጠው ነው፡፡ ጠቆር ያለው ክፍል ሰፊ ሆኖ ከተገኘ በየጊዜው መደረግ የነበረበት ፍተሻ እንዳልተደረገ ያመለክታል፡፡ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ጭነት ሲመጣ በሚለጠጠው በሉሁ የላይኛው ገጽ ላይ በመሆኑ፣ ፍተሻው ጭቃው ታጥቦ መካሄድ አለበት፡፡

የተሰበረ ሉህ በብየዳ ማያያዝ ፈጽሞ ሊፈቀድ የማይገባው ተግባር ነው፡፡ የብየዳው ሙቀት በፋብሪካ የተሰጠውን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ በብየዳው ዙሪያ ያለው ብረትም እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል፡፡ ሌላው የሚታወቀው ልማድ የረገበውን ባሌስትራ እየመቱ ወይም እያጋሉ ቅስቱን መመለስ ነው፡፡ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ምድጃና የዘይት መንከሪያ በሌለበት ቦታ የሚደረግ ከሆነ፣ ቅርጹ ቢመለስም ጥንካሬው አይመለስም፡፡ ተሽከርካሪው ከጋራዥ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ጥቂት ጉዞ ካደረገ በኋላ ግን ተመልሶ ይረግባል፡፡ ዋጋው ርካሽ መሆኑ አያከራክርም፤ በዓመት ውስጥ ሁለቴና ሦስቴ ሲደጋገም ግን ከአዲሱ ዋጋ ጋር ማነጻጸር የሒሳብ ክፍሉ ተግባር ሊሆን ይገባል፡፡

ከሁሉም የበለጠ ትኩረት የሚያሻው ባሌስትራ ላይ ሉህ መጨመር ነው፡፡ ለ50 ኩንታል የተሠራን መኪና 70 ኩንታል ለማስጫን ሲፈለግ ሉህ ማስጨመር እንደ መፍትሔ ይታያል፡፡ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው፡፡ ተመሳሳይ ውፍረት ባላቸው 8 ሉሆች ላይ አንድ ቢጨመር የባሌስትራው ግትርነት በ12.5 በመቶ ገደማ ያድጋል፡፡ የአክስሉ፣ የጎማው፣ የፍሬኑና የሻንሲው አቅም ግን በአንድ ኪሎ ግራም እንኳ አይጨምርም፡፡ ባሌስትራው ሊሸከም የሚገባውን ነውጥ ሳይቀበል ሲቀር ሻንሲው ይሰነጠቃል፤ የሻንሲ ጥገና ደግሞ በዋጋም በጊዜም ከባሌስትራ ጋር የሚወዳደር አይደለም፡፡

የሚጨመረው ሉህ ውፍረቱ የተለየ ከሆነ ችግሩ ይባባሳል፡፡ የአንድ ሉህ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር የሚያድገው በሦስተኛ ርቢ በመሆኑ፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሉህ ከባለ 10 ሚሊ ሜትሩ 1.73 ጊዜ ያህል ይበልጣል፡፡ ሁለቱ አብረው በእኩል መጠን ሲተጣጠፉ ወፍራሙ ከድርሻው በላይ ይሸከማል፤ በገጽታው ላይ የሚያርፈው ጫናም 20 በመቶ ይበልጣል፡፡ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚሰበረውም እሱው ነው፡፡ ብዙ ሰው ወፍራም ብረት ይበልጥ ይቆያል ብሎ ስለሚያስብ ይህ እንግዳ ሊመስል ይችላል፡፡

ሌላው በቀላሉ የማይታየው አደጋ ከፍሬን ጋር የተያያዘ ነው፡፡ በብዙ ከባድ መኪናዎች ላይ የኋላ ፍሬን የሚያገኘውን የአየር ግፊት የሚወስነው የጭነት መጠን ለክቶ የሚሠራ ቫልቭ ነው፡፡ ቫልቩ ጭነቱን የሚያውቀው ባሌስትራው ምን ያህል እንደተዘረጋ በማየት ነው፡፡ ሉህ የተጨመረበት ባሌስትራ በበቂ ሁኔታ ስለማይዘረጋ፣ ቫልቩ የተጫነውን መኪና እንደ ባዶ ቆጥሮ ለኋላ ጎማዎች አነስተኛ ግፊት ይልካል፡፡ ቁልቁለት ላይ የሚደርሰውን መገመት አያዳግትም፡፡ በአደጋው ቦታ የሚመዘገበው ምክንያት ፍሬን አልያዘም የሚል ሊሆን ይችላል፤ መነሻው ግን ጋራዥ ውስጥ የተጨመረው ሉህ ነው፡፡ ገልባጭ መኪናዎች ላይ ደግሞ የአንድ ወገን ባሌስትራ ረግቦ ሲገኝ፣ ሳጥኑ ወደ ላይ በሚነሳበት ጊዜ ተሽከርካሪው ወደ ረገበው ጎን ሊገለበጥ ይችላል፡፡

የመንገዱ ጉዳይም አለ፡፡ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ ከተማ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በተካሄደው ሰፊ የመንገድ ሙከራ፣ አንድ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግምት ከክብደቱ አራተኛ ርቢ ጋር እንደሚያድግ ታውቋል፡፡ በዚህ ስሌት መሠረት 10 ቶን የሚያርፍበት አክስል 13 ቶን ቢጫንበት፣ ጭነቱ የጨመረው በ30 በመቶ ሲሆን ጉዳቱ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፡፡ በሞጆና በአዋሽ የተተከሉት የሚዛን ጣቢያዎች የሚከላከሉት ይህንኑ ነው፡፡ ሉህ መጨመር መኪናው በዓይን ሲታይ ያልተጫነ እንዲመስል ያደርገዋል እንጂ ሚዛኑን አያታልልም፡፡

መቀየሩ ሲወሰን ሥራው በሥርዓት መከናወን ይኖርበታል፡፡ ተሽከርካሪው ጭነቱ ተራግፎ፣ ጠንካራና የተስተካከለ መሬት ላይ ቆሞ፣ በማይነሱት ጎማዎች ሥር ታኮ ይደረጋል፡፡ ሻንሲው በክሪክ ከተነሳ በኋላ በብረት መደገፊያ ላይ ያርፋል፡፡ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት የመካኒክን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ ድርጊት በመሆኑ የጋራዥ ኃላፊዎች ሊታገሱት አይገባም፡፡ አክስሉ ለብቻው ይደገፋል፤ ባሌስትራው ከውጥረት ነፃ መሆኑ ሳይረጋገጥም ዩ ቦልቶቹ አይፈቱም፡፡

ባሌስትራ የሚቀየረው በጥንድ፣ የግራና የቀኙ አብሮ ነው፡፡ አዲሱ በአንድ ወገን፣ የደከመው በሌላው ወገን ሆነው እኩል ሊሸከሙ አይችሉም፡፡ ዩ ቦልቶችና የመሐል ብሎን አንድ ጊዜ ከተፈቱ ተመልሰው አይታሰሩም፤ ከጠበቁ በኋላ የሚለጠጡ በመሆናቸው ለሁለተኛ ጊዜ የሚፈለገውን ያህል አይጨመድዱም፡፡ ቡሽንግና ፒንም አብረው ይቀየራሉ፡፡ ባሌስትራው የሚያርፍበት የአክስሉ ገጽ ከዝገትና ከጭቃ ከጸዳ በኋላ፣ የመሐል ብሎኑ ራስ በአክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱ ይታያል፡፡ ሳይገባ ቢታሰር አክስሉ ይንሸራተትና መኪናው በጎኑ እንደሚሄድ ሆኖ ይጓዛል፡፡ አራቱ ዳዶዎች በተራ፣ በመስቀለኛ አቅጣጫ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ፡፡ የጎማ ቡሽንግ ያላቸው ፒኖች የመጨረሻ ጥበቃቸው የሚደረገው መኪናው በጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ቡሽንጉ ተጠማዝዞ ቶሎ ያልቃል፡፡

የማጥበቂያው ኃይል ከአምራቹ መመሪያ የሚወሰድና በመለኪያ ቁልፍ የሚረጋገጥ ነው፡፡ በረጅም ቱቦ እያስረዘሙ በጉልበት ማጥበቅ የተለመደ ቢሆንም የትኛው እንደላላ፣ የትኛው ከልክ በላይ እንደተወጠረ አያሳይም፡፡ በመጨረሻ በግራና በቀኝ በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል መሆኑ ይለካል፤ የጭነት መለኪያው ቫልቭም ይስተካከላል፡፡ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ በኋላ ዩ ቦልቶቹ እንደገና ሊጠብቁ ይገባል፡፡ ሉሆቹ በጭነት ሲቀራረቡ መላላት ስለሚፈጠር ነው፡፡ ይህ ሁለተኛው ማጥበቅ ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ ቢሆንም ተሽከርካሪው ስምሪት ላይ ነው በሚል ምክንያት ይታለፋል፤ በመሐል ቀዳዳ ላይ ለሚታዩት ስብራቶች ዋነኛ መነሻም ይኸው ነው፡፡ የስምሪት ክፍሉ ቀኑን በመዝገብ ቢይዘውና የስምሪት ወረቀት ከመስጠቱ በፊት ቢጠይቅ ችግሩ ይቃለላል፡፡ ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ ይህን ሊተካ አይችልም፡፡

በግዥ ጥያቄ ላይ የመኪናውን ስም ብቻ ጽፎ መላክ በቂ አይደለም፡፡ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የአምራቹ የዕቃ መለያ ቁጥር፣ የሉሆቹ ብዛት፣ ስፋትና ውፍረት፣ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ያለው ርዝመትና የቅስቱ ከፍታ ሊገለጹ ይገባል፡፡ በአንዳንድ ሞዴሎች የግራውና የቀኙ ባሌስትራ አንድ ዓይነት አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም፡፡ ዝርዝሩ ካልተሟላ በዋጋ ማነስ ብቻ የሚያሸንፈው፣ ቀለም ተቀብቶ እንደ አዲስ የቀረበ አሮጌ ብረት ሊሆን ይችላል፡፡ የዕቃ ተረካቢ ባለሙያው ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ከመሆኑ በፊት በሉሆቹ መካከል የቆየ ዝገት፣ በመሐል ቀዳዳው ዙሪያ ደግሞ የመፋቅ ምልክት መኖር አለመኖሩን ቢመለከት ይህን ሊለይ ይችላል፡፡

የወለቀው ባሌስትራም ንብረት ነው፡፡ ካርቦኑ ከፍ ያለ በመሆኑ በአገሪቱ ያሉ ቀጥቃጮች ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ የሚሠሩበት ተፈላጊ ብረት ነው፤ ገበያም አለው፡፡ በመሆኑም አዲሱ በሞዴል 22 ወጪ ሲደረግ፣ አሮጌው በቁጥርና በክብደት ተመዝግቦ ወደ ንብረት ክፍል እንዲመለስ ማድረግና በወቅቱ በሕጋዊ መንገድ እንዲወገድ ማቅረብ ያስፈልጋል፡፡ የተሰነጠቁት ሉሆች ተመልሰው በሌላ ተሽከርካሪ ላይ እንዳይታሰሩ ከመሸጣቸው በፊት ተቆርጠው መውጣት ይኖርባቸዋል፡፡