ሰጪ ስልክ፣ ተቀባይ ስልክ

5,000 ሚሊአምፒር ባትሪ ያለው ስማርት ስልክ የያዘ ሰው፣ ሳያውቀው ትንሽ ፓወር ባንክም ይዟል። የጆሮ ማዳመጫው ቢዘጋበት፣ የእጅ ሰዓቱ ቢጠፋ፣ መብራት በሄደበት ምሽት የእናቱ ባለ ቁልፍ ስልክ አልነሳ ቢል፣ ከኪሱ አውጥቶ የሚያካፍለው ኃይል አለው። ይህ ችሎታ በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ከገባ ሰንብቷል። ሻጩ አይነግርም፤ ገዢውም አይጠይቅም። ስለዚህ ብዙዎች ስልካቸውን ሁልጊዜ እንደ ተቀባይ ብቻ ያዩታል።

ነገሩ ሲጀመርም ለቻርጅ ተብሎ አልታሰበም። ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የተሠራው አንድ አዛዥና ብዙ ታዛዥ እንዲኖረው ተደርጎ ነው። አዛዡ ኮምፒውተር ነው፤ ኃይልም ትእዛዝም የሚመጣው ከሱ ነበር። አይጡ፣ ፍላሹ፣ ፕሪንተሩ፣ በኋላም ስልኩ ታዛዥ ሆነው ተሰለፉ። ሁለት ታዛዦችን እርስ በርሳቸው ማገናኘት ትርጉም አልነበረውም፤ ማንም ማንን አያዝም፣ ማንም ለማንም ኃይል አይሰጥም። በታኅሣሥ 1994፣ ማለትም በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2001፣ ኦቲጂ የተባለው ተጨማሪ ደንብ ወጣ። ዓላማው ኮምፒውተር መሀል ሳይገባ ካሜራን ከፕሪንተር፣ ስልክን ከፍላሽ ማገናኘት ነበር። ፍላሽ ግን የራሱ ባትሪ የለውም። ስልኩ ፍላሹን ለማንበብ መጀመሪያ 5 ቮልት ሊመግበው ግድ ሆነ። ስልክ ሰጪ የሆነው በዚህ የጎን በር ገብቶ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

የአሠራሩ ብልሃት ቀላል ስለሆነ ማወቁ ይጠቅማል። የድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ አምስት ፒን አለው። አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ አንዱ ግራውንድ ነው፣ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። አምስተኛው በተራ የቻርጀር ገመድ ውስጥ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ይቀመጣል። በኦቲጂ ገመድ ውስጥ ግን ከግራውንድ ጋር ታስሯል። ስልኩ ይህ ፒን መታሰሩን ሲያይ “ሰጪው እኔ ነኝ” ብሎ ይረዳል። ያኔ የባትሪውን 3.8 ቮልት ገደማ ወደ 5 ቮልት ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ሰርኪዩት ያስነሳና ኃይሉን ወደ ውጭ ይለቃል። ኦቲጂ እያልን ከስልክ ዕቃ ሱቅ የምንገዛት፣ በአንድ በኩል ለስልኩ የምትሰካ በሌላ በኩል ሰፊ የዩኤስቢ አፍ ያላት አጭር ዕቃ ሥራዋ ይኸው ነው። ደንቡም አይሳሳትም፦ ኦቲጂዋ የተሰካችበት ስልክ ይሰጣል፤ በሰፊው አፍ በኩል በተለመደው የቻርጀር ገመድ የተገናኘው ይቀበላል። ሰጪው ኦቲጂ የሚቀበል እስከሆነ ድረስ፣ ስልኮቹ ሳምሰንግ ይሁኑ ቴክኖ፣ ውድ ይሁኑ ርካሽ ለውጥ የለውም።

ታይፕ ሲ ሲመጣ ይህ ግልጽነት ጠፋ። ደንቡ በ2014 ሲወጣ ሁለቱም የገመዱ ጫፎች አንድ ዓይነት ሆኑ። ከቅርጹ ተነስቶ ሰጪውን ከተቀባዩ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ውሳኔው ወደ መሣሪያዎቹ ተዛወረ። ሶኬቱ ውስጥ ካሉት 24 ፒኖች ሁለቱ ለዚህ ድርድር የተመደቡ ናቸው። ተቀባይ የሆነ መሣሪያ በእነሱ ላይ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ያስራል፤ ሰጪ የሆነ ደግሞ ሌላ ሬዚስተር ወደ ላይኛው ቮልቴጅ ያስራል። ተቃራኒዎቹ ሲገናኙ ኃይል ይፈሳል። ስማርት ስልክ ሁለቱንም መሆን ስለሚችል፣ ምንም ሳይሰካበት በሴኮንድ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ሚናውን ይቀያይራል፦ ሰጪ፣ ተቀባይ፣ ሰጪ፣ ተቀባይ። ሁለት እንዲህ ያሉ ስልኮች በአንድ ገመድ ሲገናኙ ማን ሰጪ እንደሚሆን አንዳንዴ በአጋጣሚ ይወሰናል። 8 በመቶ የቀረው ስልክ 70 በመቶ ላለው ማካፈል ሲጀምር ያየ ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ምንም አልተበላሸም። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ገመዱ እንደተሰካ ከላይ በሚወርደው የማሳወቂያ ሰሌዳ ላይ የዩኤስቢ ምርጫ ያሳያሉ። እዚያ ውስጥ የተገናኘውን መሣሪያ ቻርጅ ማድረግ የሚል አማራጭ አለ፤ እሱን ነክቶ አቅጣጫውን መገልበጥ ይቻላል። ካልሆነም ነቅሎ መሰካት ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። የታይፕ ሲዋ ኦቲጂ ውስጥም ያቺው 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ስላለች፣ በሷ በኩል ከሄዱ ድርድሩ ሳይኖር አቅጣጫው ይታወቃል። ለኔ ከሁሉ የሚመረጠው ይህ መንገድ ነው።

ላፕቶፕ ላይም ይኸው ድርድር አለ። ስልኩን በታይፕ ሲ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ የሚተኛ ሰው፣ ጠዋት የስልኩ ባትሪ ወደ ላፕቶፑ ተጉዞ ሊያገኘው ይችላል። ብዙውን ጊዜ ላፕቶፑ ሰጪ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ከመተኛት በፊት ስልኩ ቻርጅ እየተቀበለ መሆኑን የምታሳየውን የመብረቅ ምልክት አንዴ ማየት በቂ ነው።

አይፎን ወደዚህ ማኅበር ዘግይቶ ነው የገባው። ላይትኒንግ ወደብ ያላቸው የቀድሞዎቹ አይፎኖች ሌላ ስልክ መሙላት አይችሉም። በሴፕቴምበር 2023 አይፎን 15 ታይፕ ሲ ይዞ ሲወጣ እስከ 4.5 ዋት መስጠት ጀመረ። አፕል ያሰበው ለኤርፖድስ፣ ለአፕል ሰዓትና ለመሰል ትንንሽ ዕቃዎች ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ አይፎኖች ሲገናኙም የባትሪ መጠናቸውን አይተው ብዙ ያለው ለጎደለው ይሰጣል። ይህን ፍትሕ ሌሎቹ አምራቾች ሁሉ ቢቀዱት ጥሩ ነበር።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። 5,000 ሚሊአምፒር ባትሪ በ3.85 ቮልት ሲባዛ 19 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ ወደ ሌላ ዕቃ አይሻገርም። ኃይሉ በሰጪው ስልክ ውስጥ ከ3.85 ወደ 5 ቮልት ይወጣል፣ በገመዱ ይጓዛል፣ ተቀባዩ ጋ ደርሶ ለባትሪው በሚስማማ ቮልቴጅ እንደገና ይወርዳል። ውኃ ከእንስራ ወደ እንስራ ሲገለበጥ መፍሰሱ እንደማይቀር፣ እዚህም በየደረጃው የሚባክነው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በገመድ ሲሆን ሩብ ያህሉ ይጠፋል ብሎ ማስላት ከእውነታው ብዙ አያርቅም።

በዚህ ስሌት 1,000 ሚሊአምፒር ባትሪ ያለውን ባለ ቁልፍ ስልክ ከባዶ መሙላት 5 ዋት-ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የስማርት ስልኩን አንድ አራተኛ ማለት ነው። በሱ የተሞላው ስልክ ደግሞ ቀናት ይቆያል። ይህ እጅግ አዋጭ ልውውጥ ነው። የጆሮ ማዳመጫና የእጅ ሰዓት ከዚያም ያነሰ ይጠጣሉ። ስማርት ስልክ ለስማርት ስልክ ሲሆን ግን ሒሳቡ ይከፋል። ለጓደኛ 20 በመቶ ለመስጠት ከራስ 27 በመቶ ያህል ይወጣል። ጊዜውም አለ። ብዙ ስልኮች በኦቲጂ የሚሰጡት ግማሽ አምፒር አካባቢ ነው፤ 5 ቮልት በግማሽ አምፒር 2.5 ዋት ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ያቺ 20 በመቶ ሁለት ሰዓት ገደማ ትወስዳለች። ባትሪያቸው ትልቅ የሆነ አንዳንድ ስልኮች እስከ 10 ዋት ይሰጣሉ፤ እነሱ የተለዩ ናቸው። ተቀባዩ ስልክ ስክሪኑ በርቶ፣ ዳታው ተከፍቶ ቪዲዮ ከታየበት ደግሞ የሚመጣለትን ወዲያው ስለሚበላ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። የሚቀበለው ስልክ ይጥፋ፤ ካልሆነም ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ላፕቶፕን በስልክ መሙላት ግን ጭራሽ አይታሰብ፤ 50 ዋት-ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚይዝ ባትሪ በ19 ዋት-ሰዓት አይጠረቃም።

ገመድ አልባው መንገድ ከዚህ ሁሉ በላይ ያምራል፤ አዋጭነቱ ግን ያንሳል። ኦክቶበር 2018 ላይ ሁዋዌ ሜት 20 ፕሮ የተባለውን ስልክ ሲያስተዋውቅ፣ ሌላ ስልክ ጀርባው ላይ ተኝቶ ሲሞላ ታየ። ሳምሰንግ በ2019 በጋላክሲ ኤስ10፣ ጉግል በ2020 በፒክስል 5 ተከተሉ። ሁሉም የሚሠሩት ቺ በተባለው የጋራ ደንብ ስለሆነ የሳምሰንግ ስልክ የአይፎንን ባትሪ ይሞላል። ሥሩ ማይክል ፋራዳይ በ1831 ያሳየው ሕግ ነው፦ በአንድ ጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚለዋወጥ ከረንት ካለ፣ አጠገቡ ባለው ሌላ ጥቅል ውስጥ ከረንት ይነሣል። ሰጪው ስልክ የባትሪውን ኃይል በሴኮንድ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ወደሚለዋወጥ ከረንት ይቀይረዋል፤ ጀርባው ላይ ያለው ጥቅል መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ የተቀባዩ ጥቅል ይይዘዋል። ብረት መስኩን ስለሚያግድ ጀርባቸው መስታወት ወይም ፕላስቲክ ነው። ፒክስል 5 አካሉ አሉሚኒየም ስለነበር ጉግል ከጀርባው ላይ ቀዳዳ ቆርጦ በሌላ ቁስ ሊሸፍነው ተገዷል።

ችግሩ የስልኩ ጥቅል በዋናነት ለመቀበል የተሠራ መሆኑ ነው። ቀጭን ነው፤ ሁለቱ ጥቅሎች በትክክል ካልተደራረቡ ኃይሉ መሀል ላይ ይቀራል፤ ወፍራም ሽፋንም ያርቃቸዋል። ሳምሰንግ በዚህ መንገድ የሚሰጠው 4.5 ዋት ገደማ ነው፤ ተቀባዩ ባትሪ ጋ የሚደርሰው ከዚያም ያነሰ ነው። ግማሹ ይባክናል ብሎ መገመት ይሻላል። የጆሮ ማዳመጫ ሳጥን ለአሥር ደቂቃ አስቀምጦ ለአንድ ስብሰባ የሚበቃ ኃይል መስጠት የሚገባ ሥራ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ ግን ከመታየት ያለፈ ጥቅም አላገኘሁበትም። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚታዩት የቴክኖ፣ የአይቴልና የሳምሰንግ ኤ ስልኮች ደግሞ አብዛኞቹ ይህ ጥቅል የላቸውም። ለኛ ዋናው ነገር ገመዱ ነው።

ሰጪነትን ዋና መሸጫቸው ያደረጉ ኩባንያዎችም ነበሩ። አሱስ ዜንፎን ማክስን በ5,000 ሚሊአምፒር ባትሪ ሲያወጣ ፓወር ባንክም ነው ብሎ አስተዋወቀው። ቴክኖ በ2021 ያወጣው ፖቫ 2 ወደ 7,000 ሚሊአምፒር ደረሰ። ከእነዚህ እጅግ ያለፈው በ2019 ባርሴሎና ላይ በኤነርጃይዘር ስም የታየው ስልክ ነው። 18,000 ሚሊአምፒር ባትሪ ነበረው፤ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ሆነና ሰው እንደ ጡብ አየው። ለምርቱ ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ቢሞከርም ከሚፈለገው አንድ በመቶ አካባቢ ብቻ ተገኘ። ሰው ስልኩ እንዲያበድር ይወዳል፤ ለዚያ ብሎ ጡብ መሸከም ግን አይፈልግም።

ስልኬን አይጎዳብኝም ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የባትሪ ዕድሜ የሚቆጠረው በዙር ነው። አንድ ዙር 100 በመቶ ሲወጣ ይሞላል፤ ሩብ ሩብ እያሉ አራት ጊዜ ማበደርም አንድ ዙር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 2025 ጀምሮ እዚያ ገበያ የሚገቡ ስልኮች ከ800 ዙር በኋላም ቢያንስ 80 በመቶ አቅማቸው እንዲተርፍ አስገድዷል። አልፎ አልፎ ማካፈል ከዚህ አንጻር ኢምንት ነው። ይልቅ የሚያስፈራው ሙቀት ነው። አፕል ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ውስጥ ስልክ መጠቀም የባትሪውን አቅም እስከ መጨረሻው ሊቀንስ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ስልኩን መኪና ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጦ ሌላ ስልክ በጀርባው ቢጭንበት፣ የሚያጣው ኃይል ብቻ አይሆንም።

ገመዱ ኃይል ብቻ እንደማያስተላልፍም ልብ ይበሉ። ያቺው ሽቦ መረጃም ታመላልሳለች። የማያውቁት ሰው ስልክ ሲገናኝ “ፋይል ልይ?” ወይም “ልመን?” የሚል ጥያቄ ከመጣ መልሱ አይሆንም ነው። ቻርጅ ለማድረግ ያ ፈቃድ አያስፈልግም።

በየቀኑ ማካፈል የሚያስፈልገው ሰው ፓወር ባንክ ይግዛ፤ ርካሽ ነው፣ ቢያረጅም ስልኩ አብሮ አያረጅም። ለሌሎቻችን ግን አንዲት ኦቲጂ በቦርሳ ውስጥ ትበቃለች። የራስዎ ስልክ ሰጪ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም፦ ኦቲጂዋን ይሰኩ፣ በተለመደው የቻርጀር ገመድ ሌላ ስልክ ያያይዙባት፣ የመብረቋ ምልክት የት እንደወጣች ይመልከቱ። አንዳንድ ስልኮች ላይ መጀመሪያ ሴቲንግ ገብቶ ኦቲጂ የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። ይህን መብራት ከሄደ በኋላ በጨለማ ከመፈለግ፣ ዛሬውኑ መብራት ሳለ ይሞክሩት።